አንድ የዴቢያን ፎልደር ለሶላሪስ፣ ለፍሪቢኤስዲና ለማክ፦ ይከፈታል፣ ግን አይጻፍበትም

ሰኞገበያ (ደሴ) · ማክሰኞ ከምሽቱ 1፡20

ሰላም ጀማው። ደሴ ፒያሳ አካባቢ ባለ የንድፍና የካርታ ሥራ ክፍል ውስጥ አራት ማሽኖች በአንድ ስዊች ላይ ተሰክተዋል። ሰርቨሩ ዴቢያን 12 (ሊኑክስ) ነው፤ አድራሻው 192.168.10.5። ከእሱ የሚቀበሉት ሶላሪስ 10 የተጫነበት የቆየ የሰን ማሽን (መጨረሻው 21)፣ ፍሪቢኤስዲ 13 (22) እና አንድ ማክ (31) ናቸው። የሚጋራው ፎልደር /ኤስአርቪ/ሥራ ነው፤ የሚጋራውም በኤንኤፍኤስ (ማሽኖች ፎልደርን በኔትወርክ በሚጋሩበት መንገድ) ነው። በ/ኢቲሲ/ኤክስፖርትስ (ለማን ምን እንደሚጋራ በሚጻፍበት ፋይል) ላይ ያለችው መስመር ይህች ብቻ ናት፦

/ኤስአርቪ/ሥራ 192.168.10.0/24 (አርደብልዩ,ሲንክ,ኖ_ሰብትሪ_ቼክ)

ፍሪቢኤስዲው ማውንት ያደርጋል (ፎልደሩን ከራሱ ጋር ያገናኛል)፣ ያነባል፤ ሊጽፍ ሲል ግን ፋይል ሲስተሙ ለንባብ ብቻ ነው ይላል። ሶላሪሱም ማውንት ያደርጋል፤ የፋይሎቹን ባለቤት ሁሉ ግን «ኖባዲ» ብሎ ያሳያል። ማኩ ደግሞ ገና ከበሩ «ኦፕሬሽን ኖት ፐርሚትድ» ብሎ ይመልሳል። ምን ላይ ልጀምር?

ትእዛዞቹን በድምፃቸው በፊደላችን እንጻፋቸው፤ ብዙዎቻችን በስልክ እያነበብን ነው ለሌላ ሰው የምናስተይበው።

—

ቦርከና_ማዶ (ኮምቦልቻ) · ማክሰኞ ከምሽቱ 2፡05

አብሽር ወንድሜ፣ ሦስቱም የሚፈቱ ናቸው። አንደኛውን ግን ይህን እያነበብክ ሳለህ አስተካክለው፤ አደገኛ ነው።

መስመርህን ቀረብ ብለህ እያት። ከ24 በኋላ፣ ቅንፉ ከመከፈቱ በፊት፣ አንዲት ባዶ ቦታ አለች። ኤክስፖርትስ ባዶ ቦታን የሚያነበው እንደ መለያ ነው። ስለዚህ የጻፍከው አንድ ፈቃድ ሳይሆን ሁለት ሆኗል። የመጀመሪያው፦ የ192.168.10.0 ማሽኖች ያለ ምንም አማራጭ ይግቡ። አማራጭ ካልተጻፈ የሊኑክስ ነባሪው ለንባብ ብቻ ነው። ሁለተኛው፦ በቅንፍ ያለው የመጻፍ ፈቃድ፣ የማን እንደሆነ ስላልተነገረ፣ ለማንም ለምንም። የራስህ ማሽኖች ከመጻፍ ተከልክለው፣ ከሌላ ኔትወርክ ሰርቨሩ ጋ የደረሰ ሁሉ መጻፍ ይችላል ማለት ነው። ቅንፉን ከአድራሻው ጋር አጣብቀው፦

/ኤስአርቪ/ሥራ 192.168.10.0/24(አርደብልዩ,ሲንክ,ኖ_ሰብትሪ_ቼክ)

ከዚያ «ኤክስፖርትኤፍኤስ -አርኤ»። ሰርቪሱን ማስነሳት አያስፈልግም። ቀጥሎ «ኤክስፖርትኤፍኤስ -ቪ» በልና ሰርቨሩ ራሱ የተረዳውን አንብብ፤ በፋይሉ ላይ የጻፍከውን ሳይሆን እሱ የገባውን የምታየው እዚያ ነው። የፍሪቢኤስዲው ችግር እዚህ ላይ ያበቃል።

የማኩ ምክንያት ሌላ ነው። የሊኑክስ ሰርቨር፣ በተለይ ካልተነገረው በቀር፣ ጥያቄ የሚቀበለው ከ1024 በታች ካለ ፖርት ሲመጣ ብቻ ነው። ማክ ደግሞ ከፍ ካለ ፖርት ይነሳል። ሁለት መፍቻ አለው፤ ሰርቨሩ ላይ «ኢንሴክዩር» መጨመር ወይም ማኩ ላይ እንዲህ ማዘዝ፦

ሱዱ ማውንት -ቲ ኤንኤፍኤስ -ኦ ቨርስ=3,ሪስቭፖርት 192.168.10.5:/ኤስአርቪ/ሥራ /ዩዘርስ/ንድፍ/ሥራ

የምመርጠው ሁለተኛውን ነው፤ ለአንድ ማሽን ተብሎ የሁሉም ደንብ አይላላም። ማውንት የሚደረግበትን ፎልደር ከስሩ (/) ላይ ለመፍጠር አትድከም፤ ከ10.15 ወዲህ የማክ ስር ለንባብ ብቻ ነው። በተጠቃሚው ፎልደር ውስጥ አድርገው።

ሶላሪስ 10 ካልተባለ በቀር መጀመሪያ የሚሞክረው የኤንኤፍኤስ ስሪት 4ን ነው። ስሪት 4 ባለቤትን የሚናገረው በቃል ነው፤ ስም ከነዶሜይኑ። የዛሬ ሊኑክስ ሰርቨር ግን በተራው የሲስ ማረጋገጫ (ሰርቨሩ የተነገረውን ቁጥር በሚያምንበት) ጊዜ ቁጥሩን እንደ ቃል አድርጎ ይልካል። ስም የሚጠብቀው አሮጌ ክላየንት (ተቀባይ ማሽን) ይህን ሲያይ ኖባዲ ይለዋል። ዶሜይን በማስማማትና የሰርቨሩን የስም መተርጎሚያ በማብራት መታገል ይቻላል፤ ለአራት ማሽን ግን ድካሙን የሚያክል ጥቅም የለውም። ስሪት 3 ላይ አሳርፈው፦

ማውንት -ኤፍ ኤንኤፍኤስ -ኦ ቨርስ=3,ፕሮቶ=ቲሲፒ,ሃርድ 192.168.10.5:/ኤስአርቪ/ሥራ /ሥራ

በሶላሪስ የፋይል ሲስተሙን ዓይነት የሚያስገባው ትልቁ ኤፍ ነው፤ ትንሿ ቲ የሊኑክስና የፍሪቢኤስዲ ናት። ሲያበቃ «ኤንኤፍኤስስታት -ኤም» በል፤ የተስማሙበትን ስሪት፣ ቲሲፒ ይሁን ዩዲፒ፣ የማንበቢያና የመጻፊያ መጠኑን ያሳይሃል። ቨርስ 3 የሚል ካላየህ ትእዛዙ አልያዘም።

—

የጦሳ_ጭጋግ (ደሴ) · ማክሰኞ ከምሽቱ 2፡50

ጋሼ ቦርከና ያሉት በሙሉ ልክ ነው። ነገር ግን ወንድማችን ሰኞገበያ ነገ ጠዋት ሌላ ግድግዳ ያገኘዋል፦ ቁጥር።

ስሪት 3 በሽቦው ላይ ስም አይልክም። የሚልከው የተጠቃሚውን ቁጥርና የቡድኑን ቁጥር ነው። ዴቢያን የመጀመሪያውን ተጠቃሚ 1000 ይለዋል፣ ፍሪቢኤስዲ 1001፣ ማክ 501፣ ሶላሪስ 10 ደግሞ ከ100 ጀምሮ ይሰጣል። አንዲት ሠራተኛ በአራቱም ማሽን ላይ በአንድ ስም ብትገባም ለሰርቨሩ አራት የማይተዋወቁ ሰዎች ናት። ከዚህ የሚከፋው ሲገጣጠም ነው፦ በፍሪቢኤስዲው 1001 የሆነው ሰው፣ በዴቢያኑ ሁለተኛ የተመዘገበውን የሌላ ሰው ፋይል እንደ ራሱ ይከፍታል፣ ይሰርዛልም።

ስለዚህ ማውንቱን ለጊዜው ተወውና ወረቀት ላይ ቁጥር ደልድል። ማንም ማሽን በራሱ የማይሰጠው ክልል ምረጥ፤ ለሰዎቹ ከ3001 ጀምሮ፣ ለጋራው ቡድን 3000 በል። በዴቢያን «ግሩፕአድ -ጂ 3000 ንድፍ»፣ ከዚያ «ዩዘርሞድ -ዩ 3001 -ጂ 3000» ከነስሙ። በሶላሪስም ዩዘርሞድ አለ፤ በፍሪቢኤስዲ «ፒደብልዩ ዩዘርሞድ» ስም «-ዩ 3001» ነው። ሰውየው ገብቶ እየሠራ ከሆነ ትእዛዙ እምቢ ይላል፤ አስወጥተህ በሩት (ሙሉ ሥልጣን ባለው ተጠቃሚ) ሥራው።

ብዙ ሰው የሚስተው ቀጣዩን ነው። በዴቢያን ዩዘርሞድ የሚቀይረው የሰውየውን መኖሪያ ፎልደር ብቻ ነው። ከዚያ ውጭ ያሉት ፋይሎች በአሮጌው ቁጥር ባለቤት አልባ ሆነው ይቀራሉ። በየዲስኩ እንዲህ ፈልገህ አዙራቸው፦

ፋይንድ /ኤስአርቪ -ኤክስዴቭ -ዩአይዲ 1000 -ኤግዜክ ችኦውን -ኤች 3001:3000 {} +

ኤክስዴቭ ፍለጋው ወደ ሌላ ዲስክ እንዳይሻገር ያግዳል። ትንሿ ኤች ደግሞ ሲምቦሊክ ሊንክ ሲያጋጥም የሚያመለክተውን ፋይል ሳይሆን ራሱን ሊንኩን ትቀይራለች። እሷን ረስተህ ሊንኩ ወደ ሲስተም ፋይል የሚያመለክት ከሆነ የሲስተሙን ፋይል ለተራ ተጠቃሚ አስረከብክ ማለት ነው።

ፎልደሩን «ችሞድ 2775» አድርገው። የፊተኛዋ 2 በውስጡ የሚፈጠር ፋይል ሁሉ ቡድኑን ከፎልደሩ እንዲወርስ ታደርጋለች። «ዩማስክ» (ከአዲስ ፋይል ላይ የሚቀነሰው ፈቃድ) በሁሉም ማሽን 002 ይሁን፤ 022 ከሆነ ባልደረባ የባልደረባውን ፋይል ማረም አይችልም።

ማኩ ላይ ቁጥር መቀየር ጣጣው ብዙ ነው። አንድ ሰው ብቻ የሚቀመጥበት ከሆነ ሰርቨሩ ይተርጉምለት፦

/ኤስአርቪ/ሥራ 192.168.10.31(አርደብልዩ,ሲንክ,ኖ_ሰብትሪ_ቼክ,ኦል_ስኳሽ,አኖንዩአይዲ=3004,አኖንጂአይዲ=3000) 192.168.10.0/24(አርደብልዩ,ሲንክ,ኖ_ሰብትሪ_ቼክ)

እዚህ በሁለቱ አድራሻዎች መካከል ያለችው ባዶ ቦታ ተገቢ ናት። በስም የተጠራው አድራሻ ከጠቅላላው ይቀድማል። ማኩ ላይ «ኤልኤስ -ኤል» ባለቤቱን 3004 ብሎ ቢያሳይ አትደንግጥ፤ በስሪት 3 መጻፍ ይቻል አይቻል የሚፈርደው ሰርቨሩ ነው።

—

ገራዶ12 · ረቡዕ ከጠዋቱ 2፡30

በማውንቱ ላይ ሃርድ ሳይሆን ሶፍት ቢደረግ አይሻልም ወይ? እዚህ መብራት ይመጣል ይሄዳል። በሃርድ ከሆነ ሰርቨሩ ሲጠፋ ክላየንቱ ሁሉ ተገትሮ ይቀራል፤ «ዲኤፍ» (የዲስክ ቦታ ማሳያው ትእዛዝ) እንኳ አይመልስም። ሶፍት ከሆነ ቢያንስ ስህተት ብሎ ይለቅሃል።

—

ቦርከና_ማዶ (ኮምቦልቻ) · ረቡዕ ከጠዋቱ 3፡10

ወንድሜ ገራዶ፣ በዚህ አልስማማም። የመብራቱ ነገር ነው ሃርድን የግድ የሚያደርገው።

ሶፍት ጊዜው ሲያልፍ ለፕሮግራሙ ስህተት ይመልሳል። ፕሮግራሙ የመጻፍ ስህተትን ተከታትሎ የሚያይ ከሆነ ደህና፤ ብዙዎቹ ግን አያዩም። 40 ሜጋባይት ካርታ እየተቀመጠ ሳለ 25ኛው ላይ ሰርቨሩ ቢጠፋ፣ ፕሮግራሙ ጨርሻለሁ ብሎ ይዘጋል፤ ፋይሉ ግን ጅራቱ የለም። ይህ የሚታወቀው ከሳምንት በኋላ ሲከፈት ነው። ሃርድ ይጠብቃል፤ ሰርቨሩ ሲመለስ ካቆመበት ይቀጥላል። መገተሩ ያሰለቻል፤ ሥራ ግን አይጎድልም። ሶፍት የሚገባው ለንባብ ብቻ ለተሰጠ ነገር ነው፤ የመጫኛ ፋይሎች፣ የፎንት ማከማቻ። እዚያም ቢሆን «ቲሜኦ» የሚለካው በሴኮንድ ሳይሆን በሴኮንድ አንድ አሥረኛ መሆኑን እወቅ፤ 600 ማለት 60 ሴኮንድ ነው፣ 10 ብለህ ብትጽፍ አንድ ሴኮንድ ብቻ ነው የሰጠኸው። ለዲኤፍ ደግሞ «ዲኤፍ -ኤል» በል፤ የራሱን ዲስክ ብቻ ይቆጥራል፣ አይገተርም።

ከመብራት ጋር የሚሄዱት ትክክለኛዎቹ ነገሮች እነዚህ ናቸው። ሰርቨሩ ላይ «ሲንክ» ይቆይ። «አሲንክ» ያፈጥናል፤ የሚያፈጥነው ግን ዲስክ ላይ ያልደረሰውን ደርሷል ብሎ እየመለሰ ነው፣ መብራት ሲሄድ ያ የተባለለት ሁሉ ይጠፋል። ዩፒኤሱ ላይ ሰርቨሩ ብቻ ሳይሆን ስዊቹም ይሰካ፤ ሰርቨሩ በርቶ ስዊቹ ከጠፋ ለክላየንቱ ያው ነው።

መብራት ሲመለስ ሁሉም ማሽን በአንድ ጊዜ ይነሳል፤ ክላየንቱ ከሰርቨሩ ይቀድማል። የማውንቱ አማራጭ ላይ «ቢጂ» ጨምር፤ መጀመሪያ ካልተሳካ ከጀርባ ሆኖ ይሞክራል፣ ማሽኑም መነሳቱን አይተውም። ሰርቨሩ ከተነሳ በኋላም የፋይል መቆለፍ ለ90 ሴኮንድ ያህል ይያዛል። ቀድሞ የቆለፉት ቁልፋቸውን እንዲያስመልሱ የሚሰጥ ጊዜ ነው፤ በዚያ መካከል ተበላሸ ብሎ ሰርቪሱን ያስነሳ ሰው ቆጠራውን እንደገና ያስጀምረዋል።

አንድ ሌላ፣ ከሁሉ የከፋ። /ኤስአርቪ/ሥራ የተለየ ዲስክ ከሆነና ከመብራቱ በኋላ ዲስኩ ሳይነሳ ቢቀር፣ ሰርቨሩ ከሥሩ ያለውን ባዶ ፎልደር ያጋራል። ሠራተኞቹ ሥራችን ጠፋ ይላሉ፣ አዲሱንም እዚያው ይጽፋሉ፣ የሲስተሙ ዲስክ ይሞላል። ኤክስፖርትስ ላይ «ኤምፒ» የምትል አማራጭ ጨምር፤ ዲስኩ ማውንት ካልሆነ ፎልደሩ አይጋራም።

—

ገራዶ12 · ረቡዕ ከጠዋቱ 3፡40

ስለ ግማሽ ፋይሉ አላሰብኩም ነበር ጋሼ። ተቀብያለሁ፤ አላህ ይስጥልኝ።

—

ሰኞገበያ (ደሴ) · ረቡዕ ከሰዓት 9፡15

ባዶ ቦታዋ ስትዘጋ ፍሪቢኤስዲው ጻፈ። ማኩም በሪስቭፖርት ገባ። ቁጥሮቹ ተደልድለው አልቀዋል። ሁለት ነገር ቀረኝ። ሰርቨሩ ላይ ፋየርዎል ከፍቼ 2049ን ብቻ ስፈቅድ ሶላሪሱ «አርፒሲ፦ ታይምድ አውት» ማለት ጀመረ። ሁለተኛ፣ አንዳንድ አዳዲስ ፋይሎች ሶላሪሱ ላይ «ኖባዲ4» የሚባል ባለቤት አላቸው። ይኼ ማነው?

—

የጦሳ_ጭጋግ (ደሴ) · ረቡዕ ከሰዓት 10፡00

ኖባዲ4 በሶላሪስ የ65534 ስም ነው፤ ከድሮው ሰንኦኤስ 4 የቀረ። የሶላሪሱ የራሱ ኖባዲ 60001 ነው። ሊኑክስ ደግሞ ሩት ሆኖ የመጣን ክላየንት ወደ 65534 ዝቅ ያደርገዋል። እነዚያን ፋይሎች የፈጠረው ሶላሪሱ ላይ በሩት የገባ ሰው ነው። መፍትሔው በራስ ስም መሥራት ነው። «ኖ_ሩት_ስኳሽ» የሚል ምክር ብታገኝ አትቀበለው፤ በአንዱ ማሽን ሩት የሆነ ሁሉ በሰርቨሩ ፋይል ላይም ሩት ይሆናል።

የፋየርዎሉ፦ 2049 ብቻውን የሚበቃው ለስሪት 4 ነው። ስሪት 3 መጀመሪያ 111 ላይ አርፒሲባይንድን ይጠይቃል፣ እሱ ማውንትዲ ያለበትን ፖርት ይነግረዋል፤ መቆለፊያው ሎክዲና ስታትዲም የየራሳቸው ፖርት አላቸው። እነዚህ በተነሱ ቁጥር ፖርት ሊቀያይሩ ስለሚችሉ በ/ኢቲሲ/ኤንኤፍኤስ.ኮንፍ ውስጥ ቸንክራቸው፦ በማውንትዲ ክፍል ፖርት=20048፣ በስታትዲ ክፍል ፖርት=662፣ በሎክዲ ክፍል ፖርት=32803 እና ዩዲፒ-ፖርት=32769። ከዚያ እነዚህን ከ111 እና ከ2049 ጋር ለ192.168.10.0/24 ብቻ ክፈት። ከሶላሪሱ «አርፒሲኢንፎ -ፒ 192.168.10.5» ስትል ቁጥሮቹን በዝርዝር ማየት አለብህ።

መቆለፍ የሁለት ወገን ንግግር ነው፤ ሰርቨሩም ክላየንቱን መልሶ ይጠራል። የሶላሪስ ሎክዲ 4045 ላይ ነው፤ በሶላሪሱ በኩል ማጣሪያ ካለ እሱንም ክፈተው። በፍሪቢኤስዲው አርሲ.ኮንፍ ላይ ደግሞ «አርፒሲ_ሎክዲ_ኢኔብል» እና «አርፒሲ_ስታትዲ_ኢኔብል» ሁለቱም «የስ» ይሁኑ።

የሁሉንም ማሽን ስምና አድራሻ በየማሽኑ /ኢቲሲ/ሆስትስ ላይ ጻፍ። ሰርቨሩ የጠያቂውን ስም ከአድራሻው ሊፈልግ ዲኤንኤስ ጋ ከሄደና ኢንተርኔቱ ከተቋረጠ፣ እዚያው ክፍል ውስጥ ያለ ማውንት ረጅም ጊዜ ይንቀረፈፋል።

—

ሆጤ_ሰፈር (ደሴ) · ረቡዕ ከምሽቱ 1፡30

ስለ ፋይል ስም ማንም ስላላነሳ ልጨምር። በአማርኛ የተሰየሙ ፋይሎች ካሉ ሶላሪሱ ላይ የጥያቄ ምልክት ሆነው ሊታዩ ይችላሉ። ፋይሉ አልተበላሸም። ስሪት 3 የፋይል ስምን እንደ ባይት ተራ ወስዶ ሳይነካ ያሳልፋል፤ የሚተረጉመው ክላየንቱ ነው። በዩቲኤፍ-8 እያንዳንዱ ፊደላችን 3 ባይት ነው። «ካርታ» 9 ባይት ነው፤ ሶላሪሱ በ«ሲ» ሎኬል (የቋንቋና የፊደል ቅንብር) ከተነሳ ሦስት ፊደል ሳይሆን የማያውቃቸው ዘጠኝ ምልክቶች ይታዩታል። ሎኬሉን ወደ ዩቲኤፍ-8 መቀየር ያስፈልጋል፤ የግዕዝ ፎንትም ከሌለው ባዶ ሳጥን ያሳያል።

ከዚህ የሚወጣ ሌላ ነገር አለ። አንድ የፋይል ስም ከ255 ባይት አይበልጥም፤ በፊደላችን 85 ፊደል ማለት ነው። የቀበሌውን ስም፣ የባለይዞታውን ስም፣ ቀኑንና የሥራውን ዓይነት በሙሉ በፋይሉ ስም ላይ የሚጽፍ ቢሮ ይህን ጣሪያ ይነካል። ስሙን ለፎልደርና ለፋይል ከፋፍሉት። «ሰ» እና «ሠ»፣ «ሀ» እና «ሐ»ም ለማሽን የተለያዩ ፊደላት ናቸው፤ የጋራ ፎልደር ላይ «ሥራ» እና «ስራ» ጎን ለጎን ሁለት ሆነው እንዳይቀመጡ አጻጻፉን ቀድማችሁ ተስማሙ።

—

ሰኞገበያ (ደሴ) · ረቡዕ ከምሽቱ 2፡10

እህቴ ተባረኪ፣ «ሥራ» እና «ስራ» አሁን ሳይ እውነትም ሁለቱም አሉ። ሶላሪሱ ሲነሳ በራሱ ማውንት እንዲያደርግ ኤፍኤስታብ ፈለግኩ፣ የለም።

—

ቦርከና_ማዶ (ኮምቦልቻ) · ረቡዕ ከምሽቱ 2፡45

በሶላሪስ /ኢቲሲ/ቪኤፍኤስታብ ነው፤ ሰባት ዓምድ አለው፣ ባዶ የሚሆነው ዓምድ በሰረዝ ይሞላል፦

192.168.10.5:/ኤስአርቪ/ሥራ - /ሥራ ኤንኤፍኤስ - የስ ቨርስ=3,ፕሮቶ=ቲሲፒ,ሃርድ,ቢጂ

ሰረዞቹ የዲስክ ምርመራ ቦታዎች ናቸው፤ በኔትወርክ ለሚመጣ ነገር ምርመራ የለም። አንዱን ሰረዝ ከዘለልክ «የስ» ያለቦታው ገብታ ማውንቱ አይነሳም። /ሆም ሥር ፎልደር ልፍጠር ብትል ደግሞ እምቢ ይልሃል፤ እሱ በአውቶማውንተር የተያዘ ነው፣ ስለዚህ ከስሩ ላይ /ሥራ ብለህ ፍጠር። ቪኤፍኤስታቡን ሳትነካ ለመሞከር «ሲዲ /ኔት/192.168.10.5/ኤስአርቪ/ሥራ» በል፤ አውቶማውንተሩ ራሱ ያገናኝሃል።

—

ቢራሮ_በር (ኮምቦልቻ) · ሐሙስ ከጠዋቱ 4፡00

ሁለት አጭር ጥያቄ። ኤአይኤክስ (የአይቢኤም ዩኒክስ) ከሊኑክስ ሰርቨር ሲቀበል «ቪማውንት፦ ኦፕሬሽን ኖት ፐርሚትድ» ይላል። እና ከኮምቦልቻ የደሴውን ሰርቨር በኢንተርኔት ማውንት ማድረግ ይቻላል?

—

የጦሳ_ጭጋግ (ደሴ) · ሐሙስ ከጠዋቱ 4፡35

ኤአይኤክሱ ከማኩ ጋር አንድ በሽታ ነው፣ የፖርት ጉዳይ። «ኤንኤፍኤስኦ -ፒ -ኦ ኤንኤፍኤስ_ዩዝ_ሪዘርቭድ_ፖርትስ=1» በል፤ ትንሿ ፒ ማሽኑ ተነስቶም እንዲቆይ ታደርገዋለች።

የደሴና የኮምቦልቻው፦ 111ን እና 2049ን ለኢንተርኔት በፍጹም አትክፈት። በሲስ ማረጋገጫ ሰርቨሩ ክላየንቱ የነገረውን ቁጥር ያምናል፤ 3001 ነኝ ያለ ሁሉ 3001 ነው፣ ፋይሉም ሳይመሰጠር ነው የሚሄደው። የግድ ከሆነ በዋየርጋርድ (በተመሰጠረ ቪፒኤን) ውስጥ፣ በስሪት 4.1፣ በሃርድ። ርቀቱ ወደ 25 ኪሎ ሜትር ስለሆነ መዘግየቱ ያን ያህል አይጎዳም፤ የሚጎዳው መስመሩ ሲቆረጥ ኮምቦልቻ ያለው ሰው ሁሉ መገተሩ ነው። ሁለቱም ጋ ዲስክ ካለ ማታ ማታ በአርሲንክ ማመሳሰል ይሻላል። አንዱ ወገን ብቻ የሚጽፍበትን ፎልደር ለይ፤ አርሲንክ ሁለት ሰው ያረመውን አንድ ፋይል አያስታርቅም።

—

ሰኞገበያ (ደሴ) · ሐሙስ ከምሽቱ 12፡50

ለሚፈልግ ሰው የሰርቨሩ መስመር በመጨረሻ ይህን መሰለ፦

/ኤስአርቪ/ሥራ 192.168.10.31(አርደብልዩ,ሲንክ,ኖ_ሰብትሪ_ቼክ,ኤምፒ,ኦል_ስኳሽ,አኖንዩአይዲ=3004,አኖንጂአይዲ=3000) 192.168.10.0/24(አርደብልዩ,ሲንክ,ኖ_ሰብትሪ_ቼክ,ኤምፒ)

ሰርቨሩ ተነቅሎ ተሞክሯል። ሶላሪሱ ላይ እየተጻፈ የነበረ ፋይል ተገትሮ ቆየ፤ ሰርቨሩ ተነስቶ ጥቂት ሲቆይ ቀጥሎ ጨረሰ። «ሲክሰም» (የፋይል ይዘት ማነጻጸሪያው) በሁለቱም ወገን አንድ ቁጥር ሰጠ። የውሂብ ዲስኩ ተነቅሎ ሰርቨሩ ሲነሳ ደግሞ «ሾውማውንት -ኢ» ፎልደሩን ቢዘረዝረውም ክላየንቶቹ ማውንት ማድረግ አልቻሉም። ይህ ልክ ነው?

—

ቦርከና_ማዶ (ኮምቦልቻ) · ሐሙስ ከምሽቱ 1፡15

ልክ ነው። ሾውማውንት የሚዘረዝረው የተፈቀደውን ነው፤ ኤምፒ የሚከለክለው ማውንቱ ሲጠየቅ ነው። ዲስኩን መልሰህ ከሰካህ በኋላ መጀመሪያ ሰርቨሩ ላይ ማውንት አድርገው፣ ከዚያ «ኤክስፖርትኤፍኤስ -አርኤ»። ክላየንቱ «ስቴል ፋይል ሃንድል» ካለ «ዩማውንት -ኤፍ» ብለህ እንደገና አገናኘው።